ፓኬቱ ኬብሉን ማለፉን ማን ያረጋግጣል?

የኔትወርክ ድራይቨር በከርነሉና በካርዱ መካከል ቆሞ ሁለቱን የሚያግባባ ኮድ ነው። በአንድ በኩል የከርነሉን ሕግ ማክበር አለበት፤ በሌላ በኩል የራሱ ፋርምዌርና የራሱ ጠባይ ያለው ብረት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ኮዱን አንብቦ ብቻ «ይሠራል» ማለት አይቻልም። ካርዱ፣ ኬብሉና ስዊቹ በእውን ባሉበት ላብራቶሪ መፈተሽ አለበት፤ ፍተሻውም ኮዱ በተለወጠ ቁጥር የሰው እጅ ሳይጠብቅ መካሄድ ይኖርበታል። በዚህ ሥራ ውስጥ ስኖር ከሁሉ በላይ የያዝሁት እምነት አንድ ነው፦ የላብራቶሪ ዋጋ ያለው «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ሲል ቃሉ የሚታመን በመሆኑ ላይ ነው። የፍተሻዎቹ ብዛት ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። አዲስ ላብራቶሪ የሚያቋቁም ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ፖርት ያለው ካርድ አንድ ሰርቨር ላይ ይሰካል፤ ሁለቱን ፖርቶች በኬብል ያገናኝና ከአንዱ ወደ ሌላው ዳታ ይልካል። ሊኑክስ ግን ሁለቱም አድራሻዎች የራሱ መሆናቸውን ስለሚያውቅ ፓኬቱን ወደ ካርዱ አያወጣውም፤ ውስጥ ለውስጥ በሎፕባክ በኩል ያደርሰዋል። ፍጥነቱ ያማረ፣ ስሕተት የሌለበት ውጤት ይወጣል። ኬብሉን ቢነቅሉት እንኳ ውጤቱ አይለወጥም። እንዲህ ያለ ፍተሻ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቦታ ሳይኖር ችሎት ቀርቦ የሚመሰክር ምስክር ነው።

መድኃኒቱ ሁለተኛውን ፖርት የተለየ የኔትወርክ ኔምስፔስ ውስጥ ማስገባት ወይም ሌላ ሰርቨር ላይ ማድረግ ነው። እኔ ሌላ ሰርቨር እመርጣለሁ፤ ካርዱም የሌላ አምራች ቢሆን ደስ ይለኛል። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ድራይቨር ካለ አንዱ አሳስቶ የላከውን ሌላው በዚያው ስሕተት ተቀብሎ ትክክል ነው ሊለው ይችላል። ከዚያም ከፍተሻው በፊትና በኋላ የላኪውን ካርድ፣ የተቀባዩን ካርድና የስዊቹን ቆጣሪ አነብባለሁ። የሦስቱ ልዩነት ከተላከው ፓኬት ብዛት ጋር ካልተስማማ ፍጥነቱ ምንም ያህል ቢያምር ፍተሻውን አልቀበለውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው አይፐርፍ የተባለውን የፍጥነት መለኪያ አስነሥቶ መስመሩ ሲሞላ ሲያይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን በቲሲፒ ከርነሉ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ ዳታ በአንድ ጊዜ ለካርዱ ሰጥቶ ቆራርጦ እንዲልክ ሊያዝዘው ስለሚችል፣ ድራይቨሩ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የሚያጠፋው ጊዜ አይታይም። በ10 ጊጋቢት መስመር ላይ 64 ባይት የሆኑ ፍሬሞች ሲላኩ በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ያህል ይደርሳሉ፤ ለአንዱ የሚተርፈው 67 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። በ1500 ባይት ፓኬት ግን ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በታች ይወርዳል። ትልቁን ብቻ የለካ ትንሹን አላየም።

ፍጥነት ደግሞ ሁሉንም አይናገርም። በኢተርኔት ፍሬም ከ64 ባይት ማነስ ስለሌለበት፣ አጭር መልእክት ሲላክ ቀሪው ቦታ በዜሮ መሞላት ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በይፋ እንደተገለጸው ግን የተለያዩ ካርዶች ድራይቨሮች ያንን ቦታ ሳያጸዱ ይልኩት ነበር። በዚህም የተነሣ ቀደም ሲል ያለፈ ፓኬት ቁራጭ ወይም የከርነሉ ሜሞሪ ይዘት ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ኢተርሊክ የሚል ስም የወጣለት ይህ ጉድለት መስመሩን አላዘገየም፤ ፒንግንም አላቋረጠም። ሊያጋልጠው የሚችለው አጭር ፓኬት ልኮ በተቀባዩ ጫፍ እያንዳንዱን ባይት የሚመረምር ፍተሻ ነው። እኔ በበኩሌ ከአንድ ባይት ጀምሮ እስከ ከፍተኛው መጠን ያለውን ርዝመት ሁሉ አንድ በአንድ አስልካለሁ። ሆን ተብሎ ቼክሰማቸው የተበላሸ ፓኬቶችም እጨምራለሁ፤ ካርዱ እነዚህን «ትክክል ናቸው» ብሎ ካሳለፈ የተበላሸ ዳታ ያለ ከልካይ እስከ ፕሮግራሙ ይደርሳልና።

በልምድ እንዳየሁት፣ የድራይቨር ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላው በሚታለፍበት ቅጽበት ነው። ትራፊክ እየፈሰሰ የኤምቲዩው መጠን ከ1500 ወደ 9000 ሲለወጥ፣ የወረፋዎቹ ቁጥር ሲቀነስ፣ ኬብሉ ሲነቀል፣ ሞጁሉ ወጥቶ እንደገና ሲገባ፣ ያን ጊዜ የተለቀቀ ሜሞሪ ይነካል፤ ቁልፍ ከቁልፍ ይጠላለፋል። ስለዚህ ካሳንና ሎክዴፕ የተባሉት የከርነሉ መመርመሪያዎች በተከፈቱበት ከርነል ላይ እነዚህን ለውጦች ደጋግሞ ማስኬድ ያስፈልጋል። መመርመሪያዎቹ ማሽኑን ስለሚያዘገዩ ፍጥነት የሚለካው በሌላ፣ መመርመሪያዎቹ በሌሉበት ከርነል ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ ለማድረግ የሚሞክር ሁለቱንም ያጣል።

እንዲህ የሚያስጨንቅ ፍተሻ ሰርቨሩን መጣሉ አይቀርም። ድራይቨሩ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ከርነሉን ይዞ ይወድቃል፤ የርቀት ግንኙነቱም በዚያው ካርድ ላይ ከሆነ መግቢያ በር አይኖርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰርቨር በሌላ ድራይቨር የሚሠራ የመቆጣጠሪያ መስመር፣ የከርነሉን የመጨረሻ ቃል የሚቀዳ ሲሪያል ኮንሶል፣ ከሩቅ ታዝዞ መብራት የሚያጠፋና የሚያበራ መሣሪያ ያስፈልገዋል። የሚፈተሸው ከርነል ለአንድ ጊዜ ብቻ እንዲነሣ ይታዘዛል፤ ማሽኑ ቢሰቀል ኃይሉ ተቋርጦ ሲመለስ የታመነው የቆየ ከርነል ይነሣል። ሌሊት የወደቀን ማሽን ጠዋት ሰው መጥቶ የሚያስነሣው ከሆነ ላብራቶሪው ገና አውቶማቲክ አልሆነም።

ኃይል አጥፍቶ ማብራት የማይመልሰው ጉዳትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሊኑክስ 2.6.27 በሙከራ ላይ ሳለ፣ ኢ1000ኢ የተባለው ድራይቨር የሚያንቀሳቅሳቸው የኢንቴል ካርዶች ቋሚ ሜሞሪያቸው እየተበላሸ ከሥራ ውጭ መሆን ጀመሩ። ጥርጣሬው መጀመሪያ ያረፈው በድራይቨሩ ላይ ነበር። ሲጣራ ግን ጥፋተኛው ኤፍትሬስ የተባለው የከርነሉ መከታተያ ሆኖ ተገኘ። ኤፍትሬስ አንድ ሞጁል ለቆት የሄደ የሜሞሪ አድራሻ ላይ ሲጽፍ፣ አድራሻው ለካርዱ ቋሚ ሜሞሪ ተሰጥቶ ነበር። ከዚህ ታሪክ ሁለት ሕግ ይወጣል። አንደኛው፣ ማንኛውም ካርድ ወደ ላብራቶሪው ሲገባ የቋሚ ሜሞሪው ቅጂ ይቀመጥ፤ ከፍተሻ በኋላም ይነጻጸር። ሁለተኛው፣ ከውጤቱ ጋር የከርነሉ ቅንብር፣ የፋርምዌሩ ቁጥርና የሰርቨሩ ማንነት አብሮ ይመዝገብ፤ ጥፋቱ ከምን እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና።

ውጤቱን አጥርቶ መናገርም የሙያው አካል ነው። ካርዱ የማይችለው ነገር ሲጠየቅ ፍተሻው «ተዘለለ» ማለት አለበት፤ የሊኑክስ ከርነል የራሱ ፍተሻዎች ለዚህ 4 ቁጥርን የመውጫ ምልክት አድርገው ይጠቀማሉ። የተዘለለውን ካለፈው ጋር የሚደምር ሰንጠረዥ አንባቢውን ያታልላል። አንድ ጊዜ ወድቆ በድጋሚ ሲሞከር የሚያልፍ ፍተሻም እንዲሁ ነው፦ ሁለቱም ውጤቶች መጻፍ አለባቸው። የመጀመሪያውን ሰርዞ ሁለተኛውን ብቻ ማሳየት የቆሸሸ የፋይበር ጫፍን፣ የላላ ሶኬትን ወይም እውነተኛ የድራይቨር ጉድለትን አብሮ መቅበር ነው።

የዚህ ጥንቃቄ ዋጋ ጎልቶ የሚታየው ጥፋት ሲፈለግ ነው። የሊኑክስ ከርነል በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ አዲስ ሆኖ ሲወጣ ከ10,000 በላይ ለውጦችን ሊይዝ ይችላል። በመሐል እየከፈሉ በመፈለግ ጥፋቱን ያመጣውን አንድ ለውጥ በ14 ዙር ገደማ ማግኘት ይቻላል፤ ይህም ላብራቶሪው ሌሊቱን ብቻውን የሚጨርሰው ሥራ ነው። ከእነዚያ ዙሮች አንዱ ብቻ ሐሰት ከተናገረ ግን ፍለጋው መንገድ ስቶ የአንድ ንጹሕ ሰው ሥራ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ላብራቶሪውም ራሱ ይፈተን። ሆን ብላችሁ ድራይቨሩ ውስጥ ጉድለት አስገቡ፦ ከሺህ ፓኬት አንዱን ይጣል፤ አጭሩን ፍሬም ሳያጸዳ ይላክ፤ ሞጁሉ ሲወጣ ሜሞሪ ሳይመልስ ይቅር። ላብራቶሪው እያንዳንዱን ካልያዘ የጎደለው ፍተሻ ተለይቶ ታውቋል ማለት ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ላብራቶሪ በሌላ ሰው ኮድ ላይ እንዲፈርድ ሊፈቀድለት አይገባም።

ይህን ሥራ መጀመር ለምትፈልጉ መሐንዲሶች የምለው አለኝ። ለመነሻ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ የተለያዩ ሁለት ካርዶችና አንድ ኬብል ይበቃሉ። ካርዱም ከሌለ ሊኑክስ ውስጥ ያለው ኔትዴቭሲም የተባለው አስመሳይ ድራይቨር የፍተሻን አጻጻፍ ለመልመድ ይረዳል። የከርነሉ የድራይቨር ፍተሻዎች ለማንም ክፍት ናቸው፤ አንብቧቸው፣ በማሽናችሁ ላይ አስኪዷቸው፣ የጎደለ ስታገኙ ጽፋችሁ ላኩ። መቶ ፍተሻ ለመደርደር አትቸኩሉ። በመጀመሪያ አንድ ፍተሻ ጻፉ፤ ፓኬቱ በእርግጥ ኬብሉን ማለፉን በቆጣሪ አረጋግጡ፤ ሆን ብላችሁ ስታበላሹትም መውደቁን እዩ። ሁለተኛውን ከዚያ በኋላ ጀምሩ።