ከሦስቱ መስመሮች ጀርባ

ስልካችሁን አውጡና የአንዱን ዩኒቨርሲቲያችንን ድረ ገጽ ክፈቱ። በብዙዎቹ ላይ ከላይ ጥግ ሦስት አግድም መስመሮች ታያላችሁ። ባለሙያዎቹ «ሀምበርገር ሜኑ» ይሏቸዋል፣ በሥጋ የተሞላ ዳቦ ስለሚመስሉ። ምልክቷን የሣላት ኖርም ኮክስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ለወጣው ዜሮክስ ስታር ለተባለው ኮምፒውተር። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የምርጫ ዝርዝር ትምሰል። ዛሬ ግን የትምህርት ቤት ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆች «የትኛው ሜኑ ያምራል? ተቆልቋዩ? ሰፊው? ሀምበርገሩ?» ብለው ሲከራከሩ፣ ማን እንደሚነካው የሚጠይቅ አይገኝም።

እስቲ ሐዋሳን እንውሰድ። አንዲት ልጅ ምደባዋ «ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ» ብሎ መጣላት እንበል። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «የት?» ነው። ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲው አንድ ግቢ አይደለም። ዋናው ግቢ አለ፣ ቴክኖሎጂው አለ፣ ሕክምናው አለ፣ ወንዶ ገነት፣ ይርጋለም ያለው አዋዳ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ዳዬ። ይህ የታሪኩ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ ሲቋቋም የአዋሳ እርሻ ኮሌጅን፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅንና የዲላውን መምህራን ትምህርትና ጤና ኮሌጅ በአንድ ጥላ ሰብስቦ ነው። (ዲላ በኋላ ራሱን ችሎ ወጥቷል።)

እንዲህ ያለ ተቋም ሜኑውን በመዋቅር ሰንጠረዡ ከደረደረ ልጅቷ አለቀላት። ኮሌጅ፣ ከዚያ ትምህርት ክፍል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ዝርዝር… እሷ የምትፈልገው ግን የምዝገባውን ቀን፣ ግቢውን፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ይዛ መምጣት እንዳለባት ነው። ማውዝ ሲጠጋው ብቻ የሚከፈት ተቆልቋይ ሜኑ ደግሞ ስልክ ላይ ከንቱ ነው፤ ጣት ይነካል እንጂ አያንዣብብም።

ኤክስኬሲዲ የተባለው የድር ካርቱን እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን በሁለት ክብ ሣለው። በአንዱ ክብ ዩኒቨርሲቲዎች የፊት ገጻቸው ላይ የሚለጥፉት፦ የግቢ ፎቶ፣ የፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ፣ የተቋሙ ፍልስፍና። በሌላው ሰው የሚፈልገው፦ ካላንደር፣ ስልክ ቁጥር፣ የሚረባ ካርታ። ሁለቱ ክቦች የተገናኙት የትምህርት ቤቱ ሙሉ ስም ላይ ብቻ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ቀልድ ነው፣ ግን አገር ውስጥ የተሠራ ነው ብትሉኝ አምናችሁ ነበር።

ለሀምበርገሩም ልሟገትለት። ስክሪኑ ጠባብ ነው፣ ነገሩ ብዙ ነው፣ ሁሉን መዘርዘር አይቻልም። ይገባኛል። ነገር ግን ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲፈትሽ፣ ሜኑ ሲደበቅ ሰዎች በትንሹ እንደሚጠቀሙበት፣ የሚፈልጉትንም ለማግኘት እንደሚዘገዩ አይቷል። አሞራ ገደል ዓሣ ለመብላት የሄደ ሰው ይገባዋል፤ የተጠበሰው ፊቱ ነው፣ ጥሬውም ፊቱ ነው፣ አይቶ ያዛል።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፦ ብዙ ጊዜ ቦታ የሚያጣብበው ስክሪኑ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። «የተማሪዎች አገልግሎት ዳይሬክቶሬት» በጠባብ ቁልፍ ላይ አይገባም፣ ማንም ዳይሬክቶሬት ደግሞ ስሙ እንዲቀር አይፈልግም። ስለዚህ ሁሉም ተያይዘው መስመሮቹ ውስጥ ይገባሉ። ተማሪውም ሰልችቶት ቴሌግራም ይሄዳል፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በፎቶ እየተቀባበለ። የዘንድሮው ይሁን የአምናው ደብዳቤ ማን ያጣራል? ጓዟን ጭና የተሳሳተ ግቢ በር ላይ የምትቆመው እዚህ ጋ ነው።

እኔ ብጠየቅ ከስክሪኑ ግርጌ፣ አውራ ጣት በሚደርስበት፣ ሁሌ የሚታዩ አምስት አጫጭር ቃላት አስቀምጣለሁ፦ ምዝገባ፣ ውጤት፣ ካላንደር፣ ግቢዎች፣ ስልክ። በአማርኛና በሲዳሙ አፎ፤ እንግሊዝኛው ሦስተኛ ይሁን። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ቃሉ ሊረዝም ይችላል፣ ቁልፉ ከመጀመሪያው ሰፋ ተደርጎ ይሠራ። ሰፊው ሜኑ ለኮምፒውተር ይቆይ፣ እዚያ ጥሩ ነው።

የፕሬዚዳንቱ መልእክት፣ ራእይና ተልእኮው ደግሞ መስመሮቹ ውስጥ ይግቡ። እዚያ ቢደበቁ የሚጎዳ ሰው የለም።