የአራዳ ሱቅ ቤትና በረንዳው

ስለ አዲስ አበባ የቆዩ ሕንጻዎች የሚነጋገሩ ሰዎች አንድን ቤት ሲመለከቱ አስቀድመው የሚጠይቁት «የማን ሥራ ነው?» ብለው ነው። የጣራው ክፈፍ በእንጨት ጥልፍ ያጌጠ እንደ ሆነ «የሕንድ» ይሉታል፤ ግንቡ የተጠረበ ድንጋይ፥ መስኮቱም ቅስት ያለው እንደ ሆነ «የአርመን» ይሉታል። ይህ ፍርድ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ከሕንድ የመጡ አናጢዎችንና ግንበኞችን ያሠሩ እንደ ነበር፥ እንደ ሚናስ ኸርበክያን ያሉ የአርመን ተወላጆችም በከተማይቱ ብዙ እንደ ሠሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ፍርዱ ጎደሎ ነው፤ ስለ ሠሪው ይናገራል እንጂ ቤቱ ስለ ተሠራበት ጉዳይ አይናገርም። እኛ እንደሚመስለን የአራዳ ሱቅ ቤት መመዘን የሚገባው በጌጡ ሳይሆን በበረንዳው ነው።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተሰበሰበው ገበያ በመጀመሪያ ሜዳ ነበር፤ ሻጩ በጉልት ይቀመጥ፥ ገዢውም በመካከሉ ይዘዋወር ነበር። ቀጥሎ የሕንድ፥ የአርመን፥ የግሪክና የዐረብ ነጋዴዎች በገበያው ዙሪያ ሱቅ ሠሩ፤ ከእነዚህም ታላቅ ስም ያተረፈው የሕንዶቹ የመሐመዳሊ ንግድ ቤት ነበር። የእነዚህ ቤቶች ዐይነተኛ ሥርዐት ቀላል ነው። ምድር ቤቱ በድንጋይ ይታነጽና ዕቃ መሸጫና ማከማቻ ይሆናል፤ ደርቡ በእንጨትና በጭቃ ይሠራና የነጋዴው መኖሪያ ይሆናል፤ ጣራው ቆርቆሮ ይለብሳል። በሱቁና በመንገዱ መካከል ግን ሦስተኛ ስፍራ አለ፤ እርሱም በረንዳው ነው።

በረንዳው ከሕንድ መምጣቱን ብቻ የሚናገር ሰው አንድ ትልቅ ነገር ያልፈዋል። በጉጃራት በረንዳ የሚሠራው ስለ ፀሐይ ሐሩር ነው። አራዳ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፥ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም የሚወርድባት ደጋ ናት። በዚህ ስፍራ በረንዳው የሚከላከለው ሐሩርን ሳይሆን ክረምትን ነው፤ የጭቃው ግድግዳ በዝናም እንዳይታጠብ፥ ሸማችም ጎርፍ ሸሽቶ እንዳይሄድ ያደርጋል። የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ መስተዋት ማስመጣት ከቀለለ በኋላ፥ የብዙ ቤቶች የደርብ በረንዳ በመስተዋት ተዘግቶ የፀሐይ ሙቀት የሚጠራቀምበት ክፍል ሆነ። እንግዲህ መልኩ ከውጭ መጣ፤ ጠባዩን ግን አገሩ ለወጠው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ቋንቋችን ነው። በረንዳ የሚለው ቃል በሕንድም በፖርቱጋልም ንግግር የሚገኝ እንግዳ ቃል ነው። አማርኛ ተቀብሎት የቤትን ክፍል ብቻ እንዲያመለክት አልተወውም፤ እህል በረንዳ፥ በርበሬ በረንዳ እያለ የገበያ ስም አደረገው። ቤት የሌለውንም ድኻ በረንዳ አዳሪ አለው። ሕዝቡ በረንዳን የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የመንገደኛም ስፍራ አድርጎ እንደ ተረዳው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያሻ አይመስለንም። የነጋድራስ፥ በኋላም ቢትወደድ የሆኑት የኃይለ ጊዮርጊስ መኖሪያ ቤትም ሰፊ የእንጨት በረንዳ አለው፤ ዳሩ ግን ያ ከአጥር ውስጥ ሆኖ የሚታይበት ነው። የሱቁ በረንዳ ግን ማንም የሚቆምበት ነው። ጌጣቸው አንድ ቢሆን እንኳ ሥራቸው ልዩ ልዩ ነው።

ይህ ነገር የአራዳ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቼስተር በተባለችው ጥንታዊ የገበያ ከተማ፥ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የቆዩ ሱቅ ቤቶች ከመንገዱ አንድ ደርብ ከፍ ብሎ ከቤት ወደ ቤት የሚያሻግር፥ ጣራ ያለው መተላለፊያ አላቸው። ቤቶቹ የግል ናቸው፤ መተላለፊያው ግን ለሕዝብ ክፍት ነው። ስሙም በእነርሱ ቋንቋ «ተራ» ማለት ነው፤ እኛም ሸማ ተራ እንደምንል መሆኑ ነው። ቼስተር ስትጠበቅ ግንቡ ብቻ አልተጠበቀም፤ በውስጡ የማለፍ ልማድም አብሮ ተጠበቀ።

የአራዳ ዕድል ከዚህ የተለየ ሆነ። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወሩት፤ ለአራዳም ፒያሳ የሚለውን፥ አደባባይ ማለት የሆነውን ስም ተዉላት። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ደግሞ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፥ ከዚያ የሚበልጡት ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሆኑ። በደርብ የሚኖረውና በምድር ቤት የሚነግደው አንድ ሰው መሆኑ ሲቀር፥ ጣራው ሲያፈስ «የእኔ ነው» ብሎ የሚያድስ ጠፋ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ከፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙው ሲፈርስ፥ የፈረሰው ቀድሞውኑ ከሥራው የተለየ ቤት ነበር።

የጥበቃ አሳባችንም በዚሁ ረገድ ሊተች ይገባዋል። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመኳንንት ቤት ሙዚየም ሊሆን ይችላል፥ ሱቅ ግን ሙዚየም ሲሆን ሱቅነቱ ይቀራል። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ብርቱ ቃጠሎ ደርሶበት ሳለ እንደ ገና እንግዳ ለመቀበል የበቃው፥ ሥራው ከቤቱ ጋር ስለ ቆየ ይመስለናል። የፊት ግንብን ብቻ አቁሞ በስተኋላው ሌላ ሕንጻ ማነጽ፥ በረንዳውንም በብረት መዝጋት፥ ቤቱን መጠበቅ ሳይሆን ሥዕሉን መጠበቅ ነው።

ፋሲል ጊዮርጊስና ደኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ እስከ 1941 ድረስ የተሠሩትን የከተማይቱን ሕንጻዎች በማሳየታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ለእኛ ማኅበርና ለተማሪዎቻችን የሚተርፈው ሌላው ወገን ነው፤ ይኸውም ገና ቆመው ባሉት ሱቅ ቤቶች የበረንዳውን ስፋት መለካት፥ ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚቆምበት መመዝገብ፥ ሽማግሌ አናጢዎችም ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጡትን ስም ከአንደበታቸው መሰብሰብ ነው። ድንጋይ ከፈረሰ በኋላ በሥዕል ተመልሶ ሊታነጽ ይችል ይሆናል፤ ሰው በረንዳ ላይ እንዴት ይገበያይ እንደ ነበረ ግን የሚያውቁት ካለፉ በኋላ ከየትም አይገኝም።