ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል

አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ ላይ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነበር። ዕድርተኛው ድንኳን ተክሏል፤ የሟች ልጆች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ አልቃሿ የአባትየውን ደግነት በሙሾ ታነሣለች። በዚህ መካከል አንድ ወጣት ሰባኪ ተነሣ። አባቱን ቀብሮ ለመከተል ፈቃድ የጠየቀውን ሰው ጌታ «ሙታንን ለሙታን ተው» ማለቱን (ማቴዎስ 8፥22፤ ሉቃስ 9፥60) በራሱ አባባል ጠቀሰና ለቀብርና ለለቅሶ መድከም ከንቱ እንደ ሆነ ነገረን። የሟች ታላቅ ልጅ አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ዝም አልሁ። ዛሬ ግን ያን ትርጓሜ ልተች እወዳለሁ።

ሰባኪው የሳተው በሁለት በኩል ነው። አንደኛ፣ የአስተማሪውን ስልት አላስተዋለም። የዚያ ዘመን መምህር ለሕዝቡ የሚያድለው መጽሐፍ አልነበረውም፤ ቃሉ በጆሮ ገብቶ በልብ እንዲቀር በምሳሌ ይናገር፣ ያጋንን፣ ያስደነግጥም ነበር። በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፈው ግመልና በዓይን ውስጥ ያለው ምሰሶ የዚሁ ስልት ውጤቶች ናቸው። በዚህኛውም አነጋገር «ሙታን» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ሲነሣ አንዱ በመንፈስ የሞቱትን፣ ሌላው በሥጋ የሞቱትን ያመለክታል። ሰምና ወርቅ መለየት የለመደ የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ሲሰማ ቆም ብሎ «ወርቁ ምንድን ነው?» ይላል። ሰባኪያችን ግን ሰሙን ይዞ ሄደ።

ሁለተኛ፣ የዘመኑን የቀብር ልማድ አልመረመረም። አብርሃም ለሣራ መቀበሪያ የሚሆን ዋሻ በ400 ሰቅል ብር ገዝቷል። ጦቢት የወገኖቹን ሬሳ እየቀበረ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጧል። ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. እስክትጠፋ ድረስ በነበሩት ዘመናት፣ አቅም ያለው ቤተሰብ ሬሳውን ከዐለት በተፈለፈለ ዋሻ ያኖር፣ ሥጋው ሲፈርስ ዐፅሙን ሰብስቦ በድንጋይ ሣጥን ያስቀምጥ ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት የሰውየው ጥያቄ ይህን ሁለተኛ ቀብር የሚመለከት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አባቱ ገና በሕይወት ሳለ «ጡሬ ልቅበረው» ማለቱ ነው ይላሉ።

ለእኛ ይህ ሩቅ አይደለም። ልጅን «ጧሪ ቀባሪ» የምንል፣ ስንመርቅም «ቀባሪ አያሳጣህ» የምንል ሰዎች ነን። እንግዲህ ቃሉ የሚያስደነግጠው ቀብርን ስለ ናቀ ነውን? አይደለም! አባትን መቅበር ከግዴታ ሁሉ በላይ በሆነበት አገር ስለ ተነገረ ነው። መምህሩ የጥሪውን ክብደት ለማስረዳት በሰሚዎቹ ዘንድ ከሁሉ የከበደውን ነገር መለኪያ አደረገ። ቀብር እንደ ተራ ነገር ቢታይ ኖሮ አነጋገሩ ኃይል ባልኖረው ነበር።

ሰባኪው ስለ ተዝካር ወጪ፣ ደግሶ ዕዳ ውስጥ ስለሚገባው ገበሬ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ እኔም በደገፍሁት። ያ ግን ራሱን ችሎ የሚነሣ ጉዳይ ነው፤ ይህን ቃል ዱላ አድርጎ በሐዘንተኛ ላይ ማንሣት አያሻውም።

ደግሞስ ያው መምህር አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አላለቀሰምን (ዮሐንስ 11፥35)? ያን ቀን ለሟች ልጅ መነገር የነበረበት ይህ ነበር።