ወንበር የሚያውቀው፣ ጣሪያው የረሳው

ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ወደ ኋላ ደገፍ በሉ። ሲጢጥ የሚለው የት ጋ ነው? መጋጠሚያው ላይ። ጎበዝ አናጺም የሚለየው እዚያች ቦታ ላይ ነው።

ጃፓናዊው አርክቴክት ኬንጎ ኩማ ይሄን ከመጫወቻ ነው የወሰደው። ሂዳ ታካያማ ውስጥ ቺዶሪ የሚባል የቆየ መጫወቻ አለ። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ ጎድጎድ የተደረጉ የእንጨት ዘንጎች ናቸው። ታገጣጥማቸውና አንዱን ዞር ስታደርገው ይቆለፋል፤ ምስማር የለ፣ ብረት የለ። ኩማ ዘንጉን ወደ 6 ሳንቲ ሜትር አወፈረና በ2010 ካሱጋይ ከተማ ላይ ለአንድ የጥርስ ሕክምና ዕቃ አምራች ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ሠራበት። (እንጨቱን ጥርስ ለጥርስ እያነከሱ የጥርስ ሙዚየም መሥራት! ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።) መሐንዲሱ ጁን ሳቶ መጋጠሚያው ሲጫኑትና ሲያጎብጡት ምን ያህል እንደሚችል ፈተነ። ሕንፃው ኮንክሪትም አለበት፤ እንጨቱ ግን ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ይሸከማል። እኔን የማረከኝ ሌላ ነገር ነው፦ የዘንጎቹ መረብ ውስጥ ያሉት ካሬ ክፍተቶች የኤግዚቢሽን መደርደሪያ ሆነዋል። ከዕቃ ተነስቶ ሕንፃ የሆነው ነገር ተመልሶ ዕቃ ሆነ።

እዚህ ድረስ ከኩማ ጋር ነኝ። በ2000 የተከፈተው የባቶ ሂሮሺጌ ሙዚየም ላይ ግን እንለያያለን። እዚያ በአካባቢው ዛፍ የተሠሩ ቀጫጭን ዘንጎች ጣሪያው ላይ ሳይቀር ተደርድረው ነበር። ፎቶው ሲያዩት እንደ ዝናብ ሰረዝ ነው፤ ውብ ነው። ችግሩ እውነተኛው ዝናብም መጣ። በ2024 የጃፓን ሚዲያዎች ዘንጎቹ መበስበሳቸውንና መሰባበራቸውን ዘገቡ።

«እንጨት ያው ያረጃል» የሚል መልስ አለ። አይዋጥልኝም። የኢሴ ቤተ መቅደስም ያረጃል፤ እዚያ ግን በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ እንደሚሠራ ከመጀመሪያው ታስቦበታል፣ ለዚያ የሚሆን አናጺም ይሠለጥናል። ባቶ ላይ ከዕቃ ሠሪው የተወሰደው ቅጥነቱ ብቻ ነው። እንጨት በተቆረጠበት ጫፉ በኩል ውኃ እንደሚጠጣ ማንም የጠረጴዛ አናጺ ያውቃል። ለዚህ ነው ጥሩ ጠረጴዛ ሰው ደጅ ጥሎ የማያድረው።

ስለዚህ የምወደውን ካሱጋይንም አሁን በሌላ ዓይን አየዋለሁ። መሀል ላይ ያለች አንዲት ዘንግ ብትበሰብስ፣ ጎረቤቶቿን ሳያፈርሱ በየት በኩል ነው የምትወጣው?