የወል ቤት ባለቤት
(ስለ አስናቀች ወርቁ ክራርና ግጥም)

ባለፈው ወር ዶርማችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነስቶ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ስለ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» እንከራከራለን፤ ስለ ሰሎሞን ደሬሳ «ልጅነት» እንከራከራለን፤ ታዲያ ስለ አስናቀች ወርቁ ለምን አንጽፍም? ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ጓደኛችን ሳቀና «እሷ እኮ ዘፋኝ ናት» አለ። ሌላው ግን ዝም ብሎ ቆየና «ግጥሙ የራሷ ለመሆኑ በምን ታውቃለህ? ግማሹ የሕዝብ ነው» አለኝ። የመጀመሪያው አነጋገር ብዙም አያስጨንቅም። ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ ይህም ጽሑፍ ከዚያው የመጣ ነው።

አስቀድሜ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ነገር ላንሳ። የአማርኛ ግጥም ምጣኔ ስንማር ስድስት ስድስት ቀለም ያለውን «የወል ቤት»፣ አምስት አምስቱን «ሰንጎ መገን»፣ አራት አራቱን «ቡሄ በሉ» እያልን ሸምድደናል። እስቲ ስሞቹን ልብ በሉ! ቡሄ በሉ በየደጁ የሚዞሩ ልጆች ጭፈራ ነው። መለኪያውን ከጨፋሪና ከዘፋኝ አፍ ተውሰን ስናበቃ፣ ዘፋኙን ራሱን ከሥነ ጽሑፍ ደጅ ማስቆማችን ለእኔ ግራ ነው። ይህን ለመጀመሪያው ጓደኛዬ መልስ አድርጌ እተወዋለሁ።

ወደ ሁለተኛው ልመለስ። «የወል ቤት» የሚለው ስም እኔን ወደ አጅባር ይወስደኛል። አጅባር፣ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ያደግሁበት አገር ነው። አያቴ የበግ ፀጉር ስትፈትል ታንጎራጉራለች። ጎረቤቷ ከመጣች አንዷ ታወርዳለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። አንዲት ሴት ባሏ መካነ ሰላም ገበያ ወርዶ ሲቆይባት የወረወረችው ስንኝ፣ በሚቀጥለው ሠርግ ላይ በሌላይቱ አፍ ይሰማል፤ ስሙ ተቀይሮ፣ ወንዙ ተቀይሮ። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ብትጠይቅም ይስቁብሃል። ዜማውም እንደዚያው ነው። አራቱ ቅኝቶች ሲባል ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ቀጥሎ የሚነሱት አምባሰልና ባቲ የወሎ አገሮች ናቸው። ቅኝቱ የአገር ስም አለው፤ የሰው ስም የለውም።

እንግዲህ አስናቀች የገባችው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ክራሩን ራሷን በራሷ ነው ያስተማረችው። እንጀራዋ ቴአትር ነበር፤ የሴቱን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ሻሽ አስረው ይጫወቱት በነበረበት ዘመን ወደ መድረክ ቀድመው ከወጡት ሴቶች አንዷ ናት። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ለብዙ ዓመታት ሠርታለች። ያን ጊዜ መድረክ የወጣች ሴት፣ ያውም ክራር ታቅፋ፣ ምን ትባል እንደነበር ለእናንተ መንገር አያሻኝም። በገና የዳዊት ነው ተብሎ ሲከበር፣ ክራር የሰይጣን መሣሪያ ነው ይባል ነበር። (አጅባር ውስጥ ዛሬም ይህን የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሲሉም ሠርግ ላይ እየጨፈሩ ነው።)

ድምጿ ሰፊ አይደለም። ብዙነሽ በቀለን ሰምቶ ወደ አስናቀች የመጣ ሰው መጀመሪያ ቅር ይለው ይሆናል፤ እኔንም ብሎኝ ነበር። ስልኬ ላይ ጭኜ ሦስት ቀን ሙሉ ከሰማኋት በኋላ ነው የገባኝ። ይህች ሴት ፊት ለፊቷ ለተቀመጠ ለአንድ ሰው ትዘፍናለች። ቃሉን ግማሹን በዜማ፣ ግማሹን በወሬ ታወጣዋለች። የመጀመሪያውን ስንኝ ትጥልና ትዘገያለች፤ ክራሩን ሁለት ሦስቴ ትነካካለች፤ አድማጩ ቤት መምቻውን መገመት ይጀምራል፤ ያኔ እሱ ካሰበው ሌላ ታመጣበታለች። ይህን ከየት ተማረችው ቢሉኝ ከመድረክ እላለሁ። ዝምታን እንዲህ አድርጎ መመጠን የተዋናይ ሥራ ነው።

የዘፈናችንን ስንኝ አሠራር የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይረዳል። የመጀመሪያው ስንኝ ብዙውን ጊዜ ለሁለተኛው ማመቻቻ ነው፤ ስለ ዛፍ ወይም ስለ ወንዝ ይባልና ቁም ነገሩ ቀጥሎ ይመጣል። ሰነፍ ዘፋኝ የመጀመሪያውን እንደ ጉዝጓዝ ሣር በትኖ ያልፈዋል። አስናቀች ግን ወጥመዱን የምትዘረጋው እዚያው ላይ ነው። ደግሞ ፍቅር ስትዘፍን ተለማኝ ብቻ አይደለችም፤ ትመርጣለች፣ ታላግጣለች፣ ሲያሻት ትቀጣለች። ሴት ስትዘፍን አልቃሻ ትሁን የሚለውን ልማድ እየሳቀች ነው ያለፈችው።

ነጻ ነበረች ወይ? በዚያ ዘመን ዘመናዊ ዘፈን ማለት የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ማለት ነበር። ድምፃዊው አብዛኛውን ጊዜ ግጥሙን ከገጣሚ፣ ዜማውን ከዜማ ደራሲ ተቀብሎ፣ ዩኒፎርም ለብሶ ይቆማል። ሸክላ የማሳተሙም መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር የተሰጠ ነበር፤ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ እስኪጀምረው ድረስ። ክራር ይዞ ብቻውን የዘፈነው ካሳ ተሰማ እንኳ የክቡር ዘበኛ ሰው ነው። አስናቀችም የቴአትር ቤት ደመወዝተኛ ነበረችና ነጻነቷን አናጋንን። ነጻነቷ ሌላ ቦታ ነው። ክራሩ በእጇ፣ ስንኙ በአፏ ስለሆነ፣ ዛሬ የዘፈነችውን ነገ ብትቀይረው የሚከለክላት የለም፤ መሪውም ተመሪውም አንድ ሰው ነው።

እዚህ ላይ የጓደኛዬን ጥያቄ ልመልስ። አዎን፣ ከምትዘፍናቸው ስንኞች ውስጥ ከእሷ በፊት የነበሩ አሉ፤ እሷ የፈጠረቻቸውም አሉ፤ በጆሮ ለይቶ ይሄ የሕዝብ፣ ይሄ የአስናቀች ለማለት እኔ አልደፍርም። ግን እስቲ አያቴን እንያት። እሷም ከጎረቤቷ የወሰደችውን ስንኝ እንዳለ አትመልሰውም፤ በራሷ ኀዘን ልክ ቆርጣ ትሰፋዋለች። ልዩነቱ አያቴ ከፈትሏ ስትነሳ ስንኙም አብሯት መነሳቱ ነው። አስናቀች ደግሞ በሸክላና በካሴት ፊት ተቀምጣ፣ በስሟ፣ «ይህ የእኔ አባባል ነው» ብላ አስቀረችው። የወል ቤት ውስጥ ገብቶ አንዱን ክፍል የራስ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ባለቤትነቷ ከቃሉ ይልቅ በቃሉ አጣጣል ላይ የሚገኝ ስለሆነ፣ ግጥሟን ወረቀት ላይ ብቻ አንብቦ የሚፈርድባት ሐያሲ ግማሹን አላየም።

ሂስ ከጻፍኩ አይቀር የማልወድላትንም ልናገር። ስንኞቿ እንደ ዶቃ ናቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ያበራል፤ ክሩ ግን አንዳንዴ አይታይም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሐሳብ ይዞ የሚሄድ ግጥም የፈለገ ሰው ከእሷ ብዙ አያገኝም። ዘፈኑ ባሰኛት ቦታ ያልቃል። ጓደኛዬ «የዘፈኑ ዓይነት ነው፣ የእሷ ጥፋት አይደለም» ይላል። ይሁን፤ እኔ ግን ያን የመሰለ ወጥመድ መዘርጋት የምትችል ሴት አንድ ረጅም ታሪክ ብታወራን ምን ይመስል ነበር እላለሁ።

የድሮ ቅጂዎቿን ሰብስቦ በሲዲ ያወጣልን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 16ኛ ቁጥር ሆኖ ሲወጣ «ባለ ክራሯ እመቤት» የሚል ስም ተሰጠው። ምስጋና ይገባዋል። እኛ ልጆቿ ግን ከዚያ ወዲህ እንኳ ስለ ውበቷና ስለ ኑሮዋ ስናወራ ስለ ስንኟ ትንሽ ነው ያልነው። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍም፣ ራሔል ሳሙኤል በ2013 እ.ኤ.አ. «አስኒ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልሟን ስታቀርብም ያው ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ፎቶግራፏን ነው።

ከክርክሩ በኋላ ሦስት ሆነን ግጥሞቿን እየሰማን መገልበጥ ጀምረናል። «እሷ እኮ ዘፋኝ ናት» ያለው ጓደኛችንም አንዱ ነው፤ ጽሕፈቱ ስለሚያምር ቀለሙን የያዘው እሱ ነው። አንድ ቃል ላይ ሁለት ማታ ተጣልተናል፤ እኔ አንድ እሰማለሁ፣ እሱ ሌላ ይሰማል፤ ሁለቱም ትርጉም ይሰጣሉ፤ ሰምና ወርቅ ይሁን የካሴቱ ማርጀት አልለየንም። በመጨረሻ ለአያቴ ደውዬ በስልክ አሰማኋት። ጸጥ ብላ አዳመጠችና ስለ ቃሉ ምንም ሳትል በራሷ ስንኝ መለሰችላት። ሁለቱንም ንባብ ጎን ለጎን ጽፈን በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርገንበታል። ቤቱ ውስጥ የአስናቀች አሮጌ ካሴት ያለው ተማሪ ካለ ይዞልን ይምጣ።