ስለ ኤች ቲ ኤም ኤል ኤለመንቶች አጀማመር፤ የወለጋን ሁለት ፊደላት በማሰብ የቀረበ ሒስ

የድረ ገጽ ሥራ ለሚጀምር ተማሪ የኤች ቲ ኤም ኤል ኤለመንቶች በምን አኳኋን ይቀርቡለታል? በዚህ አጭር ሐተታ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ነው። ነገሩን ከነቀምት፣ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ ጋር ያያዝነው በእነዚህ ከተሞች አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል በሚጻፈው በቁቤ፣ አማርኛም በግዕዝ ፊደል ስለሚነበቡና የትምህርቱ ጉድለት በዚያ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመሠረቱ ኤለመንት ማለት መክፈቻ ታግ፣ መዝጊያ ታግና በመካከላቸው የተቀመጠው ይዘት በአንድነት ነው፤ እንደ ምስል ያሉ ጥቂቶች ግን መዝጊያ የላቸውም። በመክፈቻው ታግ ውስጥ የሚጨመረው ተጨማሪ መግለጫ አትሪቢዩት ይባላል። ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን በ1991 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዝርዝር ባቀረበ ጊዜ የኤለመንቶቹ ቁጥር ሃያ አይሞላም ነበር። አርእስት፣ አንቀጽ፣ ዝርዝር፣ ማያያዣ፤ እነዚህ ስሞች የጽሑፉን ክፍል ተግባር የሚናገሩ ናቸው። ፊደልን ለማስዋብና ጽሑፍን መኻል ለማድረግ ብቻ የገቡት ኤለመንቶች ኋላ የመጡ ሲሆኑ፣ በ1997 የወጣው አራተኛው እትም እንዳይዘወተሩ መክሮ፣ በ2014 የጸደቀው አምስተኛው እትም ጨርሶ ውድቅ አድርጓቸዋል።

ይሁን እንጂ የተለመደው የጀማሪዎች ትምህርት ዛሬም ከመልክ ይነሣል። ተማሪው ፊደሉ እንዲተልቅለት ሲሻ የአርእስት ኤለመንትን ይጠቀማል፤ አርእስት ሲጽፍ ደግሞ አንቀጹን ያደምቅና ያልፋል። ለሚያይ ሰው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ገጹን በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም የሚከታተል ዐይነ ስውር ግን ከአርእስት ወደ አርእስት እየዘለለ ስለሚያነብ፣ የደመቀው አንቀጽ ለእርሱ አርእስት አይደለም።

ከዚህ የከፋው የቋንቋ መግለጫው ጉዳይ ነው። እንደ ቪ ኤስ ኮድ ያለው መጻፊያ በአንድ ምልክት የሚያወጣው የገጽ አጽም ቋንቋውን አስቀድሞ እንግሊዝኛ ብሎ ይጽፋል። ተማሪውም ይህን ሳይነካ አፋን ኦሮሞውን ይሞላበታል። በቁቤ ኤክስ የተባለው ፊደል የ«ጠ» ድምፅ ስላለው፣ ደብዳቤን የሚያመለክተው «ጠለያ» የተባለ ቃል የሚጀምረው በእርሱ ነው፤ የእንግሊዝኛው ድምፅ ግን እንደ «ዘ» ወይም እንደ «ክስ» አድርጎ ያበላሸዋል። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛንም ኦሮምኛንም የሚያነብ ድምፅ ስላለው፣ ችግሩ የመሣሪያ እጦት ነው ለማለት አይቻልም።

ምናልባት «ማሽኑ ከፊደሉ አይቶ ይለየው የለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልሱ ከነቀምት ታሪክ ይገኛል። አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞበት በ1899 በስዊዘርላንድ የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። አናሲሞስ ኋላ በነቀምት ሲያስተምር ኖሮ በ1931 ዓ.ም. በዚያው አረፈ። ይህን መጽሐፍ ወደ ድረ ገጽ የሚያወጣ ተማሪ ቋንቋውን ካልገለጸ፣ ፊደሉን ብቻ የሚያይ ማሽን አማርኛ ነው ብሎ ይሳሳታል። ፊደልና ቋንቋ የተለያዩ መሆናቸውን የወለጋ ሰው ማስረጃ ሳይፈልግ ያውቀዋል፤ ማሽኑ ግን ካልነገሩት አያውቅም።

በመልክ መጀመር ለተማሪው ቶሎ የሚታይ ውጤት እንደሚሰጠውና እንደሚያበረታታው አንክድም። ነገር ግን «ኦ ኤም» ወይም «ኤ ኤም» የሚሉትን ሁለት ፊደላት በገጹ ራስ ላይ መጻፍ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት የገጹን ቋንቋ፣ የፊደሉን አመዘጋገብና የገጹን ስም ያስቀድም፤ ሁለተኛው አርእስትን፣ አንቀጽን፣ ዝርዝርንና ማያያዣን ያስተምር፤ በገጹ ውስጥ ቋንቋው በተለወጠ ቁጥር ያን ክፍል ለይቶ መግለጽም ከዚሁ ጋር ይታይ። ቀለሙና ጌጡ ለሲ ኤስ ኤስ ተትቶ በሦስተኛው ትምህርት ቢመጣ የሚጎድል ነገር የለም። መምህራኖቻችን ይህን ቅደም ተከተል በሚያዘጋጁት መልመጃ እንዲፈትኑት እናሳስባለን።