በአትክልት ስፍራ የታየው አውሬ፤ ስለ ዴቪድ ባሮን መጽሐፍ የቀረበ ሂስ

ፑማ የተባለው አውሬ በሰው ላይ ስለሚያደርሰው አደጋ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ሰፊ ዝና ካገኙት አንዱ፥ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ አቶ ዴቪድ ባሮን በ2003 ያሳተሙት፥ ርእሱም «በአትክልት ስፍራ ያለው አውሬ» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ስለ እንስሳ ጠባይ ብቻ የሚናገር ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን ደራሲው በመጀመሪያው እትም ንኡስ ርእስ ላይ ሥራቸውን ስለ ሰውና ስለ ተፈጥሮ የተነገረ ዘመናዊ ምሳሌ ብለውታል። ምሳሌ ደግሞ የባህል ጥናት ገንዘብ ነው። ስለዚህ የቀረበው ማስረጃ ምሳሌውን ይሸከመዋል ወይ ብሎ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ይሆናል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ይገባል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን እንስሳ «የተራራ አንበሳ» ይሉታል፤ ስያሜው እንዳለ ወደ አማርኛ ሲገለበጥ ግን የእኛን አንባቢ ያሳስታል። እንስሳው ጐፈር የለውም፤ አያገሣም፤ በመንጋም አይኖርም። ሊኔዎስ በ1771 ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት የመረጠው ቃል «ባለ አንድ ቀለም» ማለት ነው፤ በዝምድናውም ከአንበሳ ይልቅ ለአቦ ሸማኔ ይቀርባል። አንበሳ ሲባል ዘውድና ግርማ በሚታወሱበት አገር ያደገ አንባቢ፥ ብቻውን አድብቶ ከኋላ የሚይዘውን ይህን አውሬ በዚያ ስም ሊረዳው አይችልም። ስለዚህ ከኬችዋ ቋንቋ የመጣውን «ፑማ» የሚለውን ስም መርጠናል።

የመጽሐፉ ታሪክ በአመዛኙ የሚፈጸመው በኮሎራዶ ግዛት፥ በሮኪ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በቦልደር ከተማና በአካባቢዋ ነው። በኮሎራዶ እስከ 1965 ድረስ ፑማ ለገደለ ሰው የመንግሥት ሽልማት ይከፈል ነበር፤ በዚያ ዓመት ሽልማቱ ቀርቶ እንስሳው በደንብና በፈቃድ ከሚታደኑት አራዊት ጋራ ተቈጠረ። የቦልደር ሕዝብ በበኩሉ በ1959 ከተወሰነ ከፍታ በላይ ለሚሠራ ቤት የከተማው ውሃ እንዳይሰጥ በድምፅ ወሰነ፤ በ1967 ደግሞ በከተማው ዙሪያ ያለውን መሬት ከግንባታ ለማዳን በራሱ ላይ ግብር ጣለ። አደን የራቀው፥ ሣሩና አትክልቱ የለመለመው ስፍራ ለአጋዘን ተመቸ፤ አጋዘኑን ተከትሎም ፑማው መጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በመኖሪያ ሰፈር መታየትና ውሻ መብላት ጀመረ። ነዋሪዎች አየን ያሉትን እየሰበሰቡ ይመዘግቡ የነበሩ ሁለት ባለሙያዎች፥ አውሬው ሰውን መፍራት እየተወ መሄዱን አስጠነቀቁ። በጃንዋሪ 1991 በአይዳሆ ስፕሪንግስ ከተማ አንድ የ18 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤቱ በስተኋላ ባለው ኰረብታ ላይ ሲሮጥ ፑማ ገደለው። ደራሲው መጽሐፋቸውን በዚህ ሞት ይከፍታሉ፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሰው ወደዚያ ሞት ያደረሰውን መንገድ ይተርካሉ።

የመጽሐፉ በጎነት ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባውም። አቶ ባሮን የአንድን ከተማ ሕዝብ እምነት እንደ ጥሩ የባህል አጥኚ አይተውታል። ውሻው የተበላበት ሰው ሳይቀር አውሬው እንዳይገደል የሚለምንበት፥ ጥፋቱም የእኛ እንጂ የእንስሳው አይደለም የሚባልበት ማኅበር ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሳያፌዙ ያሳያሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ሐሳባቸው፥ ሰው «ተፈጥሮን እንዳለ ተውኩት» ሲል ሥራ እየሠራ መሆኑን ማሳየታቸው ነው። የቦልደር ዙሪያ በሰው ፈቃድና በሰው ግብር የተያዘ የአትክልት ስፍራ እንጂ የጥንት ዱር አልነበረም፤ አውሬውም ወደዚያ ሲገባ የገባው ወደ ሰው ሥራ ነው። ይህን ያህል ስንሄድ ከደራሲው ጋራ እንስማማለን።

የምንለያየው ከዚህ ወዲያ ነው። ተማሪው የሞተው በቦልደር አይደለም። አይዳሆ ስፕሪንግስ ከቦልደር በቀጥታ መስመር ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከተማይቱም በማዕድን ፍለጋ የተቈረቈረች፥ ኑሮዋና ልማዷ ከቦልደር የተለየ ናት። በቦልደር አጥር ሥር ድፍረት የለመደው ፑማና በአይዳሆ ስፕሪንግስ ሰው የገደለው ፑማ በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ መሆናቸውን የሚያሳየው የትረካው ቅደም ተከተል እንጂ በቀጥታ የተገኘ ማስረጃ አይደለም። እርግጥ ነው፤ ወጣት ወንድ ፑማ ሩቅ ይሄዳል። በ2011 በኮኔቲከት ግዛት በመኪና ተገጭቶ የሞተው ፑማ ከደቡብ ዳኮታ ተራሮች ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ መሆኑ በዘር ምርመራ ተረጋግጧል። ነገር ግን ሊሆን መቻሉ ሆነ ማለት አይደለም። የኮኔቲከቱን ጉዞ የምናምነው ምርመራው ስላረጋገጠው ነው፤ የኮሎራዶውን ግን እንድናምን የሚጠይቀን የታሪኩ አሰካክ ነው።

ሁለተኛው ችግር ምሳሌው በሌላ ቦታ የማይሠራ መሆኑ ነው። ፖል ባየር በ1991 ባወጡት ጥናት ከ1890 እስከ 1990 በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ የደረሱትን አደጋዎች ቈጥረው፥ ለሞት ያበቁት 9፥ የሞቱትም ሰዎች 10፥ ሞት ያላስከተሉት ደግሞ 44 መሆናቸውን አሳይተዋል። ከተጠቁት የሚበዙት ሕፃናት ነበሩ። ከአደጋዎቹም ብዙዎቹ የደረሱት በካናዳ በቫንኩቨር ደሴት ነው፤ ይህም የእንጨት ቈራጮችና የአዳኞች አገር እንጂ የቦልደርን የመሰለ የተፈጥሮ ፍቅር የነገሠበት ከተማ አይደለም። በቅርቡ የደረሰውንም ብንመለከት፥ በ2018 በዋሽንግተንና በኦሬገን ግዛቶች፥ በ2024 በካሊፎርንያ ኤል ዶራዶ አውራጃ ሰዎች የተገደሉት በጫካ መንገድና በገጠር ነው። የከተማ ሰው የዋህነት ለአንዱ አደጋ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉም ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ስለ ምሳሌ ጠባይ ማሰብ ያስፈልጋል። በእኛ ተረት ቀበሮና ጅብ፥ ዝንጀሮና አንበሳ ሲነጋገሩ አድማጩ ነገሩ ስለ ሰው መሆኑን ያውቃል፤ ስለ እውነተኛው ቀበሮ ጠባይ ለመማር ተረት የሚሰማ የለም። የአቶ ባሮን ምሳሌ ግን አውሬውም እውነተኛ፥ ሟቹም እውነተኛ የሆነበት ነው። ምሳሌ በጠባዩ አንድ ትምህርት ይፈልጋል፤ ለትምህርቱ የማይመቸውንም ይጥላል። እውነተኛ ሞት በዚህ መልክ ሲተረክ፥ ሟቹ የአንድ ከተማ ስሕተት ማስረጃ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያች ከተማ ግን አልነበረም።

እንስሳ ከሰው ኑሮ ይማራል የሚለውን ሐሳብ በሌላ መንገድ መመርመር እንደሚቻል ከአገራችን ምሳሌ አለን። ጊደይ ይርጋና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2012 ባሳተሙት ጥናት፥ በትግራይ በውቅሮ አካባቢ የሚኖሩ ጅቦች በዐቢይ ጾም ወራት ምን እንደሚበሉ መርምረዋል። ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና አጥንት ከሜዳ ሲጠፋ ጅቡ ወደ አህያ ፊቱን እንደሚያዞር የተረዱት፥ ከጾሙ በፊት፥ በጾሙና ከጾሙ በኋላ የጅቦቹን ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ጠጕር በማነጻጸር ነው። ጅቡ የሰውን ቀን መቍጠሪያ ተከትሎ መኖሩ ከማንኛውም ትረካ የማያንስ ድንቅ ነገር ነው፤ ሆኖም የቆመው በንጽጽር ላይ ነው። ከአቶ ባሮን መጽሐፍ የጐደለው ይህ ዓይነቱ ንጽጽር ነው፤ ቦልደርን ከሌላ ተመሳሳይ ከተማ፥ የሚታደንበትን ስፍራ ከማይታደንበት ስፍራ ጋራ አላመዛዘኑም።

ነገሩ የሥነ ጽሑፍ ክርክር ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላደከመን ነበር። ነገር ግን ምሳሌ ሕግ ይወልዳል። የካሊፎርንያ ሕዝብ በ1990 ፑማን ለመዝናኛ ማደን በድምፁ ከለከለ፤ በ1994 ሁለት ሴቶች ከተገደሉ በኋላ በ1996 ክልከላውን ለማላላት የቀረበውን ሐሳብ መልሶ ጣለው። የኮሎራዶ ሕዝብ ደግሞ በኖቬምበር 2024 አደኑን ለመከልከል የቀረበውን ሐሳብ ሳይቀበል ቀረ። በእነዚህ ክርክሮች ሁሉ፥ ሰው ካላደነው አውሬው ይደፍራል የሚለው አሳብ ተደጋግሞ ይሰማል። በዋሽንግተን ግዛት ተደርጎ በ2013 የታተመ ጥናት ግን፥ ብዙ ፑማ በተገደለበት ስፍራ በሚቀጥለው ዓመት የሰው አቤቱታና የከብት ጥፋት ጨምሮ መገኘቱን ያመለክታል፤ የጐለመሱት ወንዶች ሲገደሉ ወጣቶቹ ቦታውን ስለሚወርሱት ነው የሚል ምክንያትም ተሰጥቶታል። ይህ ጥናትም የመጨረሻው ቃል አይደለም፤ ነገር ግን ምሳሌው እንዳለው ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ያስረዳል።

በአንጻሩ፥ በየትኛውም ትምህርት ላይ ሳይደገፍ የሚጸና እውቀት አለ። ፑማ ያጋጠመው ሰው መሮጥ የለበትም፤ ጀርባውን ሳይሰጥ ቀጥ ብሎ መቆም፥ ራሱን ማግዘፍና መጮኽ፥ ሳያጐነብስ ሕፃናቱን ወደ ላይ ማንሣት፥ ከያዘውም በብርቱ መታገል ይገባዋል። ይህ ምክር የተገኘው ከተረፉት ሰዎች ቃልና ከአደጋዎቹ ዝርዝር ነው እንጂ አደጋው የማን ጥፋት ነው ከሚለው ክርክር አይደለም።

እንግዲህ መጽሐፉን ለተማሪዎቻችን የምንመክረው በሁለት መንገድ ነው። ስለ አንድ የአሜሪካ ከተማ እምነት የተጻፈ ዜና መዋዕል ሆኖ ሲነበብ ብዙ ያስተምራል፤ እንዲያውም አንድ ሕዝብ ከአውሬ ጋራ ያለውን ግንኙነት በአምስት ዓመት ውስጥ ሲለውጥ ይህን ያህል ቀርቦ የተመለከተ ሥራ ብዙ አይገኝም። ለአደጋው ምክንያት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ግን እያንዳንዱ ምዕራፍ ከምን እንደ ተገኘ፥ ነዋሪ ካየው፥ ባለሙያ ከመዘገበው ወይስ ደራሲው ከኋላ ካገጣጠሙት፥ እየለዩ ማንበብ ያስፈልጋል። በአገራችን ስለ ጅብና ስለ ነብር ከየገጠሩ ቃል የምንሰበስብ ሰዎችም ይህንኑ ልዩነት በማስታወሻችን ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልንጠብቀው ይገባናል።